ሞታ ደረጃ የምትወርደው ሴት

ቅዳሜ 3

ሞላ! አዳራሹ እስከ ፎቁ ድረስ ጢም ብሎ ሞላ። እድሳቱ ካለቀ ወዲህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ በየቅዳሜው አንድ አሮጌ ፊልም የምናሳይበት የአንድ ወር ዝግጅት ዛሬ ተከፈተ። ወንበሩ አዲስ፣ ማሽኑ አዲስ፣ ፊልሙ ግን አሮጌ፤ ልክ እኔ እንደምወደው። ከመጋረጃው ፊት ቆሜ ስለ አኩራፊው ተናገርኩ።

አኩራፊው የምንለው ያንን ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ የሚተውነውን አክተር ነው። የውጭ ስሙን ምላሳችን እምቢ ስላለ የፊት ረድፍ ደንበኞች ድሮ ያወጡለት ስም ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ "የዘንድሮ አክተሮች ሲናደዱ ብርጭቆ ይሰብራሉ። ይሄ ሰውዬ ሲናደድ ኮቱን ይቆልፋል። እጁን ተመልከቱ።" ተመለከቱ። የመጨረሻውን ቁልፍ ሲቆልፍ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ኮራሁ። ለገዛ ደብተሬ ምን አስዋሸኝ?

ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ የሳል ሽሮፕ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን "የሲኒማ ቤቷ እመቤት" ነው የምባለው። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ሁለተኛውን በለጥ አድርጌ።

ወንድም ጋሼ አልመጣም። ድሮ እኔ ከመጋረጃው ፊት ስናገር፣ እሱ ከላይ ማሽን ክፍል ሆኖ ልክ ስጨርስ መብራቱን ያጠፋልኝ ነበር። አንድም ቀን ቃሌን ቆርጦብኝ አያውቅም። ግራ ጎኑን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ጡረታ ወጥቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። "አዲሱን ማሽን ሳይ እቀናለሁ" አለ። ግድ የለም። ለመዝጊያው ይመጣል። የመዝጊያው ፊልም "ደረጃው" ነው፤ የት ይቀራል!

ሰኞ 5

ዛሬ ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ መሄድ እምቢ አለ። ሁሉም ወሬው ፊልም ነው። ፀጉር አስተካካዩ የዓይን ጠብታውን ኪሱ ከቶ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

"እመቤቴ፣ ደረጃው መቼ ነው?"

"መዝጊያው ላይ ነዋ።"

"አደራ፣ የፊት ረድፍ! ቆሜ እንዳጨበጭብ።"

"አንተ መቼ ተቀምጠህ ታውቃለህ?" አልኩት። ከኋላው የተሰለፈችው እናት፣ ልጇ በትኩሳት እየተቃጠለ፣ ሳቀች።

ማታ፦ የመዝጊያውን ንግግር ከአሁኑ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ላስፍረው።

"ባለ ሻርፗ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ መርከበኛ ነው። ተጣልተው፣ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ታርቀው ሳለ ትታመማለች። ሆስፒታል ገብታ ትሞታለች። ባልየው ባዶ ቤት ገብቶ ሻርፗን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እዚህ ላይ 'ተፈጸመ' ብሎ ወደየቤታችን ይሰድደን ነበር። ይሄኛው ግን ደፋር ነው! መሳቢያው ይዘጋል፤ ጨለማ። ከዚያ ፀሐይ። ባለ ሻርፗ እየሳቀች ያንን ረጅም የድንጋይ ደረጃ ትወርዳለች። ባሏ ከታች ዳቦ ይዞ ቆሟል። ከእጁ ቆርሳ ትጎርሳለች። ያኔ ነው የሚያልቀው። የባልየው ትዝታ ነው? ሰማይ ነው? ዳይሬክተሩ አይነግረንም። ሞትን ከመጨረሻው አንድ ትዕይንት ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መጨረሻውን ለሳቅ ሰጠው።"

ጥሩ ነው። ስለ አዳራሹ ልማድም መጨመር አለብኝ። ባለ ሻርፗ ከደረጃው አናት ብቅ ስትል አዳራሹ ብድግ ይላል፤ ያጨበጭባል፤ የሚያለቅስም አለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሌላ ቦታ እንዲህ አይነት ነገር እንደሌለ ሰምቻለሁ። አይገርመኝም። ፊልም ማየት ለሁሉም አልተሰጠም።

ረቡዕ 7

ወንድም ጋሼ ቤት ምሳ። ደህና ነው። በግራ እጁ ብርጭቆ መያዝ ጀምሯል። "የደረጃው አዲሱ ቅጂ መጣ?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እንደ ሕፃን ጓጉቷል መሰለኝ።

ቅዳሜ 10

የጉንጬ ቀን ነበር። ያ ጉንጫም ኮሜዲያን! ሲወድቅ የሚያስቅ ብዙ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ማንም እንዳላየው ዞር ዞር ሲል የሚያስቅ ግን እሱ ብቻ ነው። ይህንኑ ተናገርኩ፤ ፊልሙ ሳይጀመር ሳቁ።

ቴክኒሻኑ የምሥራች ነገረኝ። አዲስ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጢም አብቅሏል፤ አዲሱን ማሽን የሚያሠራው እሱ ነው። የ"ደረጃው" አዲስ ቅጂ ደርሷል። የላከልን የፊልም ትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ ከዋናው ተነሥቶ የጸዳ፣ አቧራው የተራገፈ ቅጂ። መምህሩ ለመዝጊያው ራሱ ይመጣል አሉ። ይምጣ! ሰው እንዴት ፊልም እንደሚያይ እዚህ ይማር።

ማክሰኞ 13

አዲሱን ቅጂ አየሁት። ገደሉት። ደረጃውን ከሆስፒታሉ በፊት አስገብተውታል። ትስቃለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች፣ መሳቢያው ይዘጋል፣ አለቀ። በቃ! እንደ ማንኛውም ተራ የለቅሶ ፊልም። ደሜ ፈልቶ ፋርማሲ ተመልሼ ለአንዱ የራስ ምታት መድኃኒት ስሰጥ እኔም አብሬ ዋጥኩ።

ረቡዕ 14

መምህሩ ጋ ደወልኩ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ይበልጥ አናደደኝ።

"የላኩልን ቅጂ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል" አልኩት።

"ይቅርታ፣ የቱ ጋ?"

"ደረጃው መጨረሻ ላይ ነው መሆን ያለበት። ከሞተች በኋላ።"

"እትዬ፣ እኔ የማውቃቸው ቅጂዎች በሙሉ ደረጃው ከሆስፒታሉ በፊት ነው። የተጻፈው ድርሰትም እንደዚያው ነው" አለኝ።

"እንግዲያው የሚያውቋቸው ቅጂዎች በሙሉ ተሳስተዋል።"

አልሳቀም። "እርስዎ ያዩትን ቅጂ ማየት በጣም ደስ ይለኛል" አለ። "መዝጊያው ላይ ንግግርዎን ለመስማት ጓጉቻለሁ።"

ጓጉቷል! ሕዝብ ፊት ሊያሳጣኝ ነው የጓጓው። እኔ ይህን ፊልም ያየሁት እሱ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳይገባ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው፣ ይሄ ሁሉ ዓመት ሲያጨበጭብ ተሳስቶ ነው? ንግግሬ ላይ "ድፍረት" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሐሙስ 15

ሁሉንም ለወንድም ጋሼ ልነግረው ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ከእኔ ብሶ ይናደድልኛል ብዬ ነበር። ዓመታት በእጁ ያሳለፈው ፊልም አይደለም እንዴ? እሱ ግን መስኮት መስኮቱን እያየ፦

"ሚጣ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ።"

"አሁን ነው የተቀዳልኝ፤ እየጨሰ!"

"እንግዲያው ይቀዘቅዛል።"

"አንድ ነገር በል እንጂ። የዛሬ ልጆች ምን ያውቃሉ አትልም?"

"እኔ እንጃ። ያውቁ ይሆናል።"

እጅግ ከፋኝ። ልሄድ ስነሣ ጫማዬን በረንዳ ላይ ሳጠልቅ፣ የወንድሜ ሚስት እትዬ ከውስጥ ስትቆጣው ሰማሁ። ቀስ ብላ መናገር አትችልም። "እስከ መቼ ነው የምትደብቃት? ከሰው አፍ ሰምታ ቢከፋት ይሻላል?" እሱ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም።

ሐኪሙ አንድ ነገር ነግሮታል ማለት ነው። ሞኝ ነኝ፤ እኔ ስለ ፊልም ስጨቀጭቀው፣ እሱ በሽታውን ይዞ ሻይሽ ቀዘቀዘ ይለኛል። ለዚህ ነው ፊቱ የገረጣው።

ቅዳሜ 17

ከፊልሙ በፊት ነገሩን ለሕዝቡ ተናገርኩ። አላስቻለኝም። "ውድ ተመልካቾች፣ የተገነጣጠለ ቅጂ ልከውልናል። የባለ ሻርፗን ደረጃ ነጥቀውናል!" አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ረድፍ "እንዳትቀበዪ!" አለ። ተጨበጨበልኝ። መድረኩን ስወርድ አንገቴ የረዘመ መሰለኝ።

አሁን ቤት ገብቼ ሳስበው፣ "ነጥቀውናል" ሳይበዛ አይቀርም። ድምፄም ከፍ ብሏል። ቢሆንም ሐቅ ነው።

ሰኞ 19

የወንድም ጋሼን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አየሁ። አዲስ የታዘዘ የለም። ሐኪሙ ራሱ ለልጁ ቫይታሚን ሊገዛ መጥቶ አፋጠጥኩት። "ወንድምሽ? ከሁለታችን ይሻላል!" አለኝ። ታዲያ እትዬ ምን ደብቀህ ነው የምትለው?

ረቡዕ 21

ቴክኒሻኑን ይዤ ከመድረኩ ሥር ያለውን ዕቃ ቤት አስከፈትኩ። የድሮው ቅጂ እዚያ ነው። ፊልሙን አሳይቼ መምህሩን ኩም ላደርገው።

ያኔ አንድ ፊልም በአንድ ጥቅል አይመጣም ነበር። በየቆርቆሮ ሣጥኑ ተከፋፍሎ፣ በቁጥር፣ ይመጣል፤ ማሽኑን የሚያሠራው ኦፕሬተር አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያስከትላል። የ"ደረጃው" ሣጥኖች ዘጠኝ ናቸው። ስንከፍታቸው እንደ ኮምጣጤ ሸተቱ፤ ከእንግዲህ በማሽን አያልፉም። ቴክኒሻኑ ግን ጓንት አድርጎ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ወደ መብራት ይዞ አየልኝ።

ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ፊልሙ ላይ የታተመው ቁጥር አይገናኝም። በፊልሙ ቁጥር ደረጃው ስምንተኛ ጥቅል ነው። ሆስፒታሉ ዘጠነኛ። ሣጥኖቹ ላይ ያለው ቁጥር ግን ተፍቆ ተለዋውጧል። "ተፈጸመ" የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከሆስፒታሉ ጫፍ ተቆርጦ በደረጃው ጫፍ ላይ ተቀጥሏል። በእጅ። በማጣበቂያ።

"የድሮው ባለቤት ነዋ!" አልኩ። "ስግብግብ ነበር፤ ሰው እያለቀሰ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም ብሎ ነው።"

ቴክኒሻኑ ቅጥያውን በጣቱ ዳሰሰ። "ይሄ የባለቤት እጅ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ኦፕሬተር ነው። ጠርዙን እንኳን ክብ አድርጎ ከርክሞታል፤ ማሽኑ ላይ እንዳይዝ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ለምን እንዲያ እንዳየኝ አላውቅም። ጠርዝ ክብ አድርጎ የሚከረክም ጠንቃቃ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ደክሞኛል።

ሐሙስ 22

ፋርማሲ። ጉንፋን ከተማውን ይዞታል። ብዙ ሥራ።

ዓርብ 23

እትዬ ደወለች፤ አላነሣሁም። ድጋሚ ደወለች። እጄ መድኃኒት እየቆጠረ ነበር።

ቅዳሜ 24

የዛሬው ፊልም የክፉዋ ሴትዮ ነበር። የእንጀራ እናት፣ ሰላይ፣ አራጣ አበዳሪ፣ ምን ያልሆነችው አለ? የፊልሙን ጥሩ ሴት ማንም አያስታውሳትም፤ እሷን ግን እንኳን ፊቷን ጓንቷን ስናይ እንንቀጠቀጣለን። ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ጥቂት ብዬ ወረድኩ። አንዲት ሴት "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። "ጉንፋን ነው" አልኩ።

ነገ እሄዳለሁ። እጠይቀዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ጨነቀኝ።

እሑድ 25

ሄድኩ። ምሳ በልተው ቡና እየጠጡ ነበር። እትዬ ፊቴን አይታ ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጆሮዋን ግን እዚሁ ትታው ነው የሄደችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ዘጠነኛውን ጥቅል ከስምንተኛው ያስቀደመው ማን ነው?" አልኩት።

ከዘራውን ከአንድ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ እንዲህ አለኝ። ቃሉን እንዳልረሳ እንዳለ ልጻፈው።

"እናታችን የሞተች ጊዜ ነው። አንቺ ትንሽ ነሽ። ቤት ማን ይይዝሻል? ማሽን ክፍል ይዤሽ እሄድ ነበር። ቆርቆሮ ሣጥን ላይ ቆመሽ በትንሿ መስኮት ታያለሽ። ሌላ ሌላውን ስታዪ ትስቂ ነበር። ከዚያ ይሄኛው መጣ። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሆና ዓይኗን ስትከድን ዞር ብለሽ አየሽኝ። አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር። እህል አልበላም አልሽ። በማግስቱም አልበላም አልሽ። 'ዛሬም ትሞታለች?' አልሽኝ። ምን ልበልሽ ሚጣ? ፊልም ነው፤ በየቀኑ ነው የምትሞተው።"

"እና ቀየርከው።"

"እና ቀየርኩት። ደረጃውን ስትወርድ ስታዪ ሣጥኑ ላይ ዘለልሽ። 'ዳነች! ዳነች!' ብለሽ በመስኮቷ ጮኽሽ። ታች ያለው ሰው ድምፅሽን ሰምቶ ወደ ላይ ዞረ፤ ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። እንዲያ ነው የተጀመረው። ለጥቂት ቀን ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው 'ያቺን የምትድነዋን' እያለ መጣ።"

ማን እንደጀመረው አይታወቅም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ለካ የጀመርኩት እኔው ነኝ! ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ቁጣው ግን ቀደመ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ስለ ዳይሬክተሩ ድፍረት ስቀባጥር እየሰማኸኝ ዝም አልክ?"

"እንዴት ላቋርጥሽ? እንዴት አምሮብሽ እንደምትናገሪ አንቺ አታውቂም፤ እኔ ከላይ ነው የማይሽ። እንዲያውም አንዳንዴ እውነትም ዳይሬክተሩ ነው ያደረገው እላለሁ።"

"ሞኝ አደረግከኝ!"

አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላው፤ ግን አልተመለስኩም። ቦርሳዬን ሳነሣ እጄን ያዘኝ።

"አንድ ነገር ልለምንሽ። ለማንም አትናገሪ። ኦፕሬተር የሰው ፊልም አይቆርጥም፤ በእኛ ሙያ ነውር ነው። ጓደኞቼ ቢሰሙ መሣቂያ እሆናለሁ። አንቺም ትሆኛለሽ። አዲሱ ቅጂ ተበላሽቷል ብለሻል፤ ሰው አምኖሻል። ተዪው እንደዚያው ይሁን።"

እውነቱን ነው። ያምኑኛል። መምህሩ ሺህ ጊዜ ቢያስረዳ፣ ይህ አዳራሽ እኔን ነው የሚሰማው። መድረኩ ላይ ወጥቼ "ተበላሽቷል" ብል ወንድሜም ይድናል፣ እኔም እድናለሁ።

እትዬ እስከ በሩ ሸኘችኝ። "አትፍረጂበት። ለእኔ ለሚስቱ እንኳን ምንም ፊልም ቆርጦልኝ አያውቅም" አለችኝ። መንገድ ላይ ሳላስበው ሳቅኩ።

ማክሰኞ 27

ተናድጃለሁ። አልተናደድኩም። ፋርማሲ ውስጥ የአንዱን መድኃኒት ለአንዱ ልሰጥ ስል ራሴው ደረስኩበት። ተመስገን!

ቴክኒሻኑ ደወለ። "የቅዳሜውን በየትኛው ቅደም ተከተል ላዘጋጀው? አሁን በኮምፒዩተር ነው፤ እንዳዘዙኝ አደርገዋለሁ" አለ። እንዳዘዙኝ! ወንድሜ ቆርጦ፣ ከርክሞ፣ ቀጥሎ የሠራውን እሱ በጣቱ ጫን አድርጎ ሊሠራው። ዓርብ እነግርሃለሁ አልኩት።

ረቡዕ 28

በምሳ ሰዓት ብቻዬን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ አዲሱን ቅጂ በራሱ ቅደም ተከተል አየሁት። ባለፈው ያየሁት በንዴት ነበር፤ ምንም አላየሁም ማለት ነው።

ደረጃውን ስትወርድ ቀኝ እጇ ድጋፉ ላይ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ሳደንቅ ኖሬያለሁ! "አካሄዷን ተመልከቱ፣ እንዴት ያለች ዘናጭ!" እያልኩ። ዘናጭነት አይደለም። ሴትዮዋ አሟታል። መሃል ላይ ቆም ብላ ሻርፗን የምታስተካክለው ትንፋሽ ለመውሰድ ነው። ዳቦውን ስትጎርስ ባሏ እንዳያያት ፊቷን ታዞራለች፤ መዋጥ አቅቷታል። እየሳቀች! ከላይ እስከ ታች እየሳቀች! ሕመሙን ሳቁ ውስጥ ደብቃ ለባሏም፣ ለእኔም አላሳየችንም። ከሆስፒታሉ በኋላ ስናየው ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ድና ነው የምትመጣው። ከሆስፒታሉ በፊት ሲሆን ግን... እኔ ፊልም አውቃለሁ ባይዋ፣ የምወዳት አክተር የሠራችውን ትልቁን ሥራ ሳላየው ነው ያረጀሁት።

አለቀስኩ። ቴክኒሻኑ መብራት ሳያበራ ቆየልኝ። ጨዋ ልጅ ነው ብያለሁ።

ይህን ከሰው ልደብቅ አልችልም። ደግሞስ የእሷን ሥራ ሰውሬ የምናገረው ስለ ማን አክተር ነው?

የወንድሜን ሥራስ?

ዓርብ 30

ቴክኒሻኑን "በመጣበት ቅደም ተከተል አሳየው" አልኩት። ከዚያ ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"ነገ ሁሉንም እናገራለሁ።"

"አይሆንም አልኩሽ እኮ።"

"ነውር አልሠራህም።"

"ይሄን የምታውቂው አንቺ አይደለሽም፤ ሙያው ነው። እንግዲያው አልመጣም።" ዘጋው።

እንዲህ አድርጎ ዘግቶብኝ አያውቅም። ባስቀይመውስ? ደረጃ መውጣት በማይችል ሰው ላይ አገር ባስቅበትስ? ንግግሩን ቀደድኩት። አዲስ አልጻፍኩም።

ቅዳሜ 1

ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በየመተላለፊያው ቆሟል። እትዬ ብቻዋን መጣች። ጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛ፣ ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ በዓይኗ ታባርራለች። መምህሩ ከፊት ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የምጠላበት አጣሁ።

ወጣሁ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ የተገነጣጠለ ቅጂ ተላከልን እያልኩ ሳወራ ነበር" አልኩ። "ተሳስቻለሁ። የመጣው ትክክለኛው ነው። የተቆራረጠው የእኛው ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፈተ።

"ስለ ዳይሬክተሩ ድፍረት የነገርኳችሁ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነበር። ያንን መጨረሻ የሠራው ዳይሬክተሩ አይደለም። እዚያ ላይ፣ ማሽን ክፍል ውስጥ የነበረው ኦፕሬተር ነው። እናቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ እህል እምቢ ብትለው፣ በምላጭና በማጣበቂያ ሞቱን አስቀድሞ ሳቁን አስከተለላት። ልጅቷ እኔ ነኝ። ኦፕሬተሩ ወንድሜ ነው። በሙያው ነውር ነው ይላል። እኔ ግን በዚህ ፊልም ላይ ከሚወጣው ስም ሁሉ በላይ በእሱ ነው የምኮራው።"

ስለ ድጋፉ፣ ስለ እጇ፣ ስለ ዳቦው ልናገር ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁና "እጇን ተመልከቱ" ብቻ ብዬ ወረድኩ። መብራቱ ልክ ስጨርስ ጠፋ።

ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ በጎን በር ብርሃን ገባ። የከዘራ ድምፅ። እትዬ ቦርሳዋን አነሣች። ወደዚያ አልዞርኩም፤ ብዞር ይመለሳል ብዬ ፈራሁ።

ደረጃው መጣ። ከልማድ ጥቂት ሰዎች ብድግ አሉ፤ ከዚያ እጇን አዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሆስፒታሉ መጣ። መሳቢያው ተዘጋ። ተፈጸመ። መብራት በራ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንደዚህ ያለ ዝምታ በዚህ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። አፍንጫ ሲጠረግ ብቻ ይሰማል። መምህሩ ራሱ መነጽሩን አውልቋል።

መጨረሻ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"መምህር፣ የእርስዎን አየን" አለ። "ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን የኦፕሬተሩን አምጡልን!"

አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ከፎቁ አንዲት ሴት "የኦፕሬተሩን!" አለች፤ ከኋላ ሌላው ተቀበለ። መምህሩም ዞሮ "እኔም እሱን ለማየት ነው የመጣሁት" አለ። ያኔ ወደ ወንድም ጋሼ ዞርኩ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። በመሬት ውስጥ ሊገባ ይፈልጋል። ይሸሻል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከዘራውን ተመርኩዞ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ ድሮ መብራት ሲጠፋ ከማሽን ክፍሉ ብቅ ብሎ ሰው በሚያረጋጋበት በዚያ ቆፍጣና ድምፁ፦

"ዛሬ ማሽኑ ግሏል። ቅዳሜ ይታያል" አለ። ተቀመጠ።

እሑድ 2

ማስታወቂያውን ጽፌ ጨረስኩ። ስሙን ላስገባ ብል በስልክ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ደውሎ "ፊደሉ ትልቅ ነው ትንሽ?" አለኝ። ነገ በሩ ላይ የሚለጠፈው እንዲህ ይላል፦

ደረጃው። ዳይሬክተር፦ የውጭ ሰው። መጨረሻው፦ የወንድሜ።